የወለጋዋና የደብረ ብርሃኗ እንቁራሪት

ይስማው ድንቹን በኅዳር የተከለው እንቁራሪት ሰምቶ ነው። ይህን ስናገር ያልሳቀ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም። ሳቁ፣ አልከለክልም። ሳቃችሁ ሲያልቅ ግን ስሙኝ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንቁራሪት እየሰማ ዘርቶ ጎተራውን ሲሞላ የኖረ ገበሬ ነው። የተሳሳተው እንቁራሪት ሰምቶ ስለዘራ አይደለም፤ እዚህ የሰማት እንቁራሪት እዚያ ከለመዳት የተለየች ስለሆነች ነው።

ይስማው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ነው። "ተፈናቃይ" የሚለውን ቃል አልወደውም። የሰውን መከራ ወስደን ስሙ አደረግነው። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው "ቃጠሎ" ብለን እንጠራዋለን? ይስማው ገበሬ ነው። ሚስቱ በሰለችም ገበሬ ናት። ከተማው ዳር ባለው መጠለያ በሸራ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ግን ገበሬ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ካሜራ የያዘ ይመጣል፣ አንስቶ ይሄዳል። ስንዴ ይመጣል ይባላል፣ ይዘገያል። አንድ ቀን መዳፉን አሳየኝ። የዶማ እጀታ ያጠነከረው ቆዳ እየተላጠ ከሥሩ ለስላሳ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። "እጄን እየው፣ የሹም እጅ ሆነ" አለኝና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሰው በእጁ መለስለስ ሲያፍር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቢሮ ሲሄድ ደግሞ "ምን አስጨነቀህ፣ ያባትህ አገር ነው የገባኸው" ይሉታል። እውነት ነው፣ አባቱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ የለሚ ሰው ነበሩ። በዚያ በድርቁ ዘመን ሰው በመኪና እየተጫነ ወደ ምዕራብ ሲሰፍር እሱን በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ። ከለሚ የሚያስታውሰው አንድም ነገር የለም። ከወለጋ ግን ሁሉንም ነገር ያስታውሳል። የቤቱን በር መድረክ፣ የማንጎውን ዛፍ ጥላ፣ ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር እግር ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው ኩሬውን ነው።

ኩሬውን አባቱ ናቸው የቆፈሩት። ከቤቱ በታች፣ ከበቆሎው ማሳ ጫፍ ላይ ነበር። በበጋ ይደርቃል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ሰማይ የሚታይበት ንጹሕ ውሃ ይሆናል። ከዚያ እንቁራሪቶቹ ይመጣሉ። ከየት እንደሚመጡ ማንም አያውቅም።

"ቀጭን ናት" ይላል ይስማው ስለዚያችኛዋ ሲያወራ፣ ሌባ ጣቱንና አውራ ጣቱን እያቀራረበ። "አፍንጫዋ ሹል ነው። ጀርባዋ ላይ ከራሷ እስከ ቂጧ የወረደ ነጭ መስመር አላት፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ልብስ ተጣጥፎ እንደተሰፋ ነው። እግሯ! እግሯ ከእሷ ይረዝማል። ስትዘል አታያትም፤ ሣሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የምታየው።"

አባቱ ገና እንደሰፈሩ በለሚ ልማድ ነበር የዘሩት። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ዘሩን አወጡ፣ ዝናቡ ጠፋ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ። ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። አባቱን እጃቸውን ይዘው ኩሬው ዳር አስቀመጧቸውና "ራቻ ዝም ካለች አንተም ዝም በል" አሏቸው። ራቻ በኦሮምኛ እንቁራሪት ናት። አንዷ ብትጮህ አትስማት፤ ሁለት ሦስቱ ቢጮሁም ተዋቸው። ኩሬው ሙሉ እየተቀባበለ ከመሸ እስኪነጋ ከጮኸ ግን በነጋታው በቆሎህን ዝራ። ይስማው እንዲህ ሲዘራ ነው ያደገው፣ እንዲህ ሲዘራ ነው ያገባው፣ እንዲህ ሲዘራ ነው ልጆቹን ያሳደገው። በዚያ ጩኸት ውስጥ መተኛት የለመደ ሰው ጸጥታ እንቅልፍ ይነሳዋል። መጠለያው ውስጥ ሌሊት ሸራው በነፋስ ሲንጓጓ በሰለችን ይቀሰቅሳታል አሉ።

"በሱ፣ ያ ኩሬ አሁን ሞልቶ ይሆን?"

"ተኛ አንተ ሰውዬ። ሞላም ጎደለ ማን ሊቀዳው ነው?"

እሷም ግን አልተኛችም ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ከአንኮበር መንገድ ዳር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወይዘሮ አመተ ማርያም የሚባሉ ባል የሞተባቸው አዛውንት ይኖራሉ። ከቤታቸው በታች ጨፌ አለ፤ በጨፌው መሐል በጋ ከክረምት የማይደርቅ ኩሬ አለ። ከኩሬው በላይ ያለው ማሳቸው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጦም አድሯል። በሰለች እዚያ ሰፈር ልብስ ለማጠብ ትመላለስ ነበርና አንድ ቀን ማሳውን ቆማ ስታይ አመተ ማርያም አዩዋት።

"ምን ጠፋብሽ?"

"ኧረ ምንም አልጠፋብኝ እትዬ። እንዲህ ያለ አፈር ዝም ተብሎ ሲቀመጥ አይቼ ነው።"

"ማን ይቆፍረው? እኔ?"

"እኔና ባሌ አለን።"

በዚያው ተስማሙ። መሬቱና የድንቹ ዘር ከአመተ ማርያም፣ ጉልበቱ ከይስማውና ከበሰለች፣ ምርቱ እኩል። በሬ የለም፣ በዶማ ነው። ነገሩ ያልጣመው የወንድማቸው ልጅ ወልደኪዳን ብቻ ነበር። ወልደኪዳን ማሳውን ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ከጠየቃቸው ቆይቷል፤ ባሕር ዛፍ ጥበቃ አይፈልግም፣ ጉልበት አይፈልግም፣ ቆርጦ መሸጥ ነው። አመተ ማርያም ጨፌውን ያደርቅብኛል ብለው እንቢ ይሉታል። አሁን ግን አንድ ነገር ቃል ገቡለት። "ይኸውልህ ወልዴ፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ካልሆነላቸው የፈለግከውን ትተክልበታለህ።"

ይስማው ይህን ቃል ያውቅ ነበር። ድንቹ ከጠፋ መሬቱ እንደሚጠፋ፣ መሬቱ ከጠፋ ደግሞ ወደ ስንዴ ሰልፉ እንደሚመለስ ያውቅ ነበር። ማሳውን ሲቆፍር ያየሁት ያን ሰሞን ነው። መጠለያው ውስጥ ትከሻው ወድቆ የማውቀው ሰው ዶማውን ከራሱ በላይ አንስቶ ሲያወርድ መሬቱ ይሰማ ነበር። መዳፉ እንደገና ቆሰለ። በዚህ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

ኅዳር ላይ አመተ ማርያም አንኮበር ያለችው እህታቸው ታማ ለማስታመም ሄዱ። የድንቹን ዘር ከጓዳ አውጥተው ለበሰለች አስረከቡና "ስመለስ እንተክላለን" ብለው ነበር። መቼ እንደሚመለሱ ግን አልተናገሩም። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ደብረ ብርሃን አልፎ አልፎ እንዲህ ታደርጋለች፤ እህል አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ሁሉ ይራገማል። ይስማው ግን ሲመሽ ከጨፌው የመጣውን ድምፅ ሰማ።

ኩሬው ሙሉ ይጮኻል። እየተቀባበለ።

እዚህ ላይ ሰውዬው ምን እንደተሰማው እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ድምፁ የወፈረ ነበር፣ ያ የለመደው ስል ድምፅ አልነበረም፤ ይህን በኋላ እሱም አመነ። ያን ጊዜ ግን ስንት ዘመን ሲናፍቀው የኖረ ድምፅ ነውና ወፍሮም ቢሆን ተቀበለው። ጨፌው ዳር በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያለቅስ በሰለች አገኘችው።

"ነገ እንተክላለን" አላት።

"ሴትየዋ ስመለስ ብለዋል እኮ።"

"ስሚያት እንጂ! ይቺ ድምፅ ከወጣች ሰው ይጠበቃል?"

"አየሩ ይቀዘቅዛል ይስማው። እጄ ደንዝዟል።"

"ያንቺን እጅ ነው ወይስ እሷን ነው የማምነው?"

በነጋታው ተከሉ። ሲተክሉ ወልደኪዳን በመንገዱ አለፈ። ቆመ፤ መደቡን፣ ዘሩን፣ ሰዎቹን አየ። ተወልዶ ያደገበት ሰፈር ነው፤ ጥምቀት ሳያልፍ እዚህ አገር ድንች እንደማይተከል፣ በታኅሣሥ ውርጭ እንደሚወርድ፣ ውርጭ የነካው ቡቃያ እንደሚያልቅለት ያውቃል። "በርቱ" አላቸውና ሄደ።

ታኅሣሥ ላይ ቡቃያው አፈሩን ገፍቶ ወጣ። በሰለች መደቡ መሐል እየተመላለሰች በጣቷ ትነካው ነበር አለችኝ፤ ያ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ሲወጣ ቤት ያለህ ይመስልሃል። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሰማዩ ጠራ፣ ነፋሱ ቆመ፣ ሌሊቱ ዝም አለ። ሲነጋ ጨፌው ሁሉ ነጭ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ቀለጠና የድንቹ ቅጠል ከሥሩ ታየ፤ በፈላ ውሃ የተነከረ ጎመን መስሏል። እኩለ ቀን ላይ ጠቁሮ ተኛ። ይስማው አንዱን ነቀለ፣ ሥሩን አየ፣ መልሶ ተከለው። ለምን መልሶ እንደተከለው ጠይቄው አላወቀም።

አመተ ማርያም ለገና ተመለሱ። ቤታቸው ሳይገቡ ማሳው ዳር ቆሙ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይስማው ከፊታቸው እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቆመ።

"ዘሬን ምን አደረግከው አንተ ሰው?"

"እንቁራሪቷ ጮኸች እትዬ።"

"ምን?"

"እንቁራሪቷ ጮኸች። እኛ አገር እሷ ስትጮህ ነው የሚዘራው።"

አመተ ማርያም በሰለችን አዩ፤ በሰለች መሬት አየች። ከዚያ አዛውንቷ መሳቅ ጀመሩ፤ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ፣ ንዴት ይሁን ሳቅ አይለይም። "እንቁራሪት ሰምቶ ዘሬን ቀበረው! ያችን ዘርጣጣ ሰምቶ! እሷ እኮ ፀሐይ ሲሞቃት ትጮኻለች፣ ጠብ ሲል ትጮኻለች፣ ከብት ሲረግጥባት ትጮኻለች። እኛ ልጆች ሆነን እሷን ሰምቶ ለዘር የተነሳ ሰው አላየሁም።"

ይስማው ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ኩሬው ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ሁለት እጁን ገጥሞ ወጣ።

"ጣላት! ውሃዋን ትረጭብሃለች" አሉ አመተ ማርያም ወደ ኋላ እየሸሹ።

"ይዩዋት እንጂ እትዬ። እኔም ዛሬ ነው በቅጡ የማያት።"

እጁን ከፈተ። ወፍራም ነበረች፤ ሆዷ መዳፉን ሞላው። አረንጓዴ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ አፍንጫዋ ድፍን፣ እግሯ አጭርና ድንቡሽ። የጀርባዋ እጥፋት ግን አለ። ያ እንደተሰፋ ልብስ ያለው እጥፋት፣ ያ ራሱ።

"ዘመድ ናቸው" አለ ይስማው ቀስ ብሎ። "እይ በሱ፣ የጀርባዋን ስፌት። ዘመድ ናቸው። ግን የኛዋ እንዲህ አትቀመጥም ነበር። የኛዋ እጄን ስከፍት ማዶ ናት።"

ወፍራሟ እንቁራሪት እንደ እመቤት ተደላድላ መዳፉ ላይ ተቀምጣለች። ጣቱን ወደ አፍንጫዋ ሲያቀርብ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

"ምን ያዘልላታል?" አሉ አመተ ማርያም አሁን ጠጋ ብለው። "ኩሬዋ አይደርቅ። የት ትሄዳለች?"

ይስማው ይህን ሲሰማ ቀና አለ። "ልክ ነዎት እትዬ። የኛዋ ኩሬ ይደርቃል። ውሃው ሳይጠፋ እንቁላሏን ጥላ፣ ልጇን አሳድጋ መጨረስ አለባት። ስለዚህ በከንቱ አትጮህም። ዝናቡ ከልቡ ካልመጣ ትንፍሽ አትልም።"

እኔ ይህን ሲነግረኝ ያሰብኩትን ልናገር፤ ለከተማዬ ሰው ነው የምናገረው። ኩሬያችሁ የማይደርቅባችሁ ሰዎች አላችሁ። ጠብ ሲል ትጮኻላችሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ትጮኻላችሁ። ተሰብስባችሁ "ወገኖቻችን" ትላላችሁ፤ ሲመሽ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ድምፃችሁን አምኖ ዘሩን ያወጣ ሰው ውርጭ ሲመታው ግን አንዳችሁም ማሳው ዳር አትገኙም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አመተ ማርያም ገና አልፎ እንግዳ ሲቀንስላቸው ይስማውን አስጠሩት። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ፣ ከአንኮበር በታች ቆላው ውስጥ፣ እሱ እንደሚላት ያለች ቀጭን እንቁራሪት ያዩ ይመስላቸዋል። "እግሯ ረጅም ነበር። እናቴ ጨርቋን ጥላ የሮጠችው እሷ ዘላባት ነው። ቀለሟን አላስታውስም።"

ይህን ከሰማ ወዲያ ማን ያስቀምጠው። በሰለች እንቁራሪት ለማየት ትራንስፖርት የሚከፍል ሰው እብድ ነው አለች፤ አለችና እሷም አብራው ሄደች። ከደብረ ብርሃን አንኮበር በሚኒባስ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ጭነት መኪና ላይ። መንገዱ ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን አወለቀ። ቀጥሎ የሹራቡን ቁልፍ ፈታ። ቀጥሎ ሙዝ አየ፣ ቀጥሎ ማንጎ። በሰለች ክንዱን ያዘችው። አየሩ ፊታቸው ላይ ሞቀ። ያን ሙቀት፣ ያን የማንጎ ጥላ፣ ያን የቆላ አፈር ሽታ ለካ ቆዳቸው አልረሳውም።

በጋ ነውና የሚጮህ ነገር አልነበረም። ከገበያው በታች የመስኖ ቦይ አገኙ፤ ሽንኩርት የሚያጠጣ አንድ አርጎባ ሽማግሌ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል።

"ሰላም ዋሉ አባባ። እንቁራሪት ፈልገን ነበር።"

ሽማግሌው አካፋውን ተወው። "እንቁራሪት?"

"አዎ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም።"

"ወላሂ፣ ሰው ሽንኩርት ፈልጎ ይመጣል፣ ጫት ፈልጎ ይመጣል። ለመድኃኒት ነው?"

"ለማየት ብቻ ነው" አለች በሰለች፣ አፍራ።

ሽማግሌው ትንሽ አያቸው። ከየት ናችሁ አላቸው፤ ነገሩት። ከዚያ በቦዩ ጠርዝ ወሰዳቸውና ሣሩን በእግሩ መታ መታ አደረገ። አንድ ነገር ከሣሩ ተወርውሮ ቦዩን ተሻገረ። ይስማው እንደ ልጅ ተንደርድሮ በደረቱ ወደቀ፤ ሲነሳ እጁን ገጥሟል። በጣቶቹ መሐል አጮልቆ አየ። ሹል አፍንጫ። ነጭ መስመር።

"የኛዋ ናት በሱ።"

"እስቲ።"

እጁን ገለጥ ከማድረጉ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ሣሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ይስማው ባዶ መዳፉን እያየ ሳቀ፣ በሰለችም ሳቀች፣ ሽማግሌውም ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ሳቀ። ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ያለችኝ ሚስቱ ናት።

ከዚያ ይስማው የመጣበትን ነገር አወጣው። "እዚህ አካባቢ እኩል የሚያሠራ ሰው ይኖር ይሆን? እሷ ባለችበት በቆሎ አውቃለሁ።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። "ልጆቼ ራሳቸው መሬት አጥተው ጅቡቲ ናቸው የኔ ወንድም። አላህ ያውቃል፣ ቢኖረኝ አልከለክልህም ነበር።" ሙዝ ቆርጦ ሰጣቸው። ሲመሻሽ ወደ ላይ ጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ፤ ይስማው መጀመሪያ የሹራቡን ቁልፍ ቆለፈ፣ ቀጥሎ ጋቢውን ደረበ።

በነጋታው ማሳው ላይ ሲደርሱ ወልደኪዳን ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። በረድፍ፣ ከላይ እስከ ጨፌው ጫፍ ድረስ። የባሕር ዛፍ ችግኝ በከረጢት መንገድ ዳር ተደርድሯል።

"ጋሼ ይስማው፣ አይክፋህ" አለ ዶማውን ሳያስቀምጥ። "እትዬ ቃል ገብታልኛለች። አንድ ጊዜ ይሞክሩ ተባለ፣ ሞከራችሁ።"

ይስማው ቃሉን ያውቃል። ዶማውን ሊወስድ ወደ አጥሩ ሄደ። በሰለች ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ስንተክል አይተኸን አልነበር?" አለችው።

"መቼ?"

"በኅዳር። እዚህ ጋ ቆመህ።"

አመተ ማርያም ድምፅ ሰምተው ከቤት ወጥተው ነበር። "ምን አላችሁ ሲያያችሁ?" አሉ።

"በርቱ አለን" አለች በሰለች።

አመተ ማርያም ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ወልደኪዳን ቀረቡ።

"በኅዳር ድንች ሲተክሉ አይተህ በርቱ አልክ?"

"ሰው ሲሠራ ምን ይባላል ታዲያ እትዬ?"

"ውርጭ አለ ይባላል። ቆዩ ይባላል። አንተ ወልዴ፣ እነሱ እንቁራሪት ሰምተው ነው የተሳሳቱት። አንተ ምን ሰምተህ ነው?"

ወልደኪዳን የቆፈረውን ጉድጓድ አየ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰውም አይደለም ይሉታል፣ እኔም ክፉ ነው አልልም። ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው ያደረገው፤ አይቶ፣ አውቆ፣ በደግ ቃል አልፎ ሄደ። በድንጋይ ቢመታቸው ኖሮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። "በርቱ" ላለ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ከየት ይጀመራል?

"ውርጭ እንዳለ የማያውቅ ገበሬ አለ ብዬ አላሰብኩም" አለ በመጨረሻ።

"ወለጋ ውርጭ የለም" አለ ይስማው ከአጥሩ ዳር። በንዴት አልነበረም ያለው፤ የአየሩን ነገር ለሚጠይቅ ሰው እንደሚመልስ ነው።

አመተ ማርያም ጉድጓዶቹን በዱላቸው እየለኩ አንድ ሁለቱን አለፉ። "ለድንች ጥልቅ ነው። ግማሹን አፈር መልስበት። ችግኝህን ወስደህ ከቤትህ ኋላ ትከል፣ የራስህን ውሃ ያድርቅልህ። ቃሌን አላጠፍኩም፤ አንድ ጊዜ ይሞክሩ ነው ያልኩት፣ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ባለበት የተሞከረ ነገር አልተሞከረም። ዘሩ ደግሞ ካንተ ጓዳ ይወጣል።"

"ከኔ?"

"የኔ ዘር ጠቁሮ ተኝቷል፣ አታየውም?"

ወልደኪዳን አጉረመረመ። አጉረመረመና አፈሩን መመለስ ጀመረ። ይስማው ትንሽ ቆሞ ካየው በኋላ ከሌላኛው ረድፍ ጫፍ ገባ፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው እስከ ምሳ ሠሩ።

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ አመተ ማርያም መደቡ ላይ ቁጭ ብለው አፈሩን በመዳፋቸው ጨበጡ፣ ሽቅብ ወደ አንኮበር ጋራ አዩና "ዛሬ ነው" አሉ። እኔም ያን ቀን ነበርኩ። ጨፌው ጭጭ ብሏል። ኩሬው ላይ ንፋስ እንኳ የለም። ይስማው ዘሩ ያለበትን የማዳበሪያ ከረጢት ታቅፎ ቆመና ጆሮውን ወደ ውሃው አዘነበለ፤ በልማድ ነው፣ ሳያስበው።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉት።

"ምንም የሚለኝ የለም እትዬ። ደርቆ ዝም ያለ ቀን ዘርቼ አላውቅም።"

"እኔ እያልኩህ አይደል?"

"እርስዎስ በምን አወቁ?"

"በምን አወቅኩ? እናቴ እዚህ መደብ ላይ ቁጭ ብላ እንዲህ ስትጨብጠው አየኋት። እሷም የእናቷን አየች። ና ተቀመጥ፣ ጨብጥ። ቀዘቀዘህ?"

ይስማው ከረጢቱን አስቀመጠና ተንበረከከ። ያ ቆስሎ የዳነ መዳፉን አፈሩ ውስጥ ከተተው። ብዙ ቆየ። እዚህ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ እዚያ ያለው ቀይ ነበር፤ ፊቱ ላይ ሁለቱን ሲያወዳድር ይታየኝ ነበር።

"ከላይ ይቀዘቅዛል፣ ከታች ለብ ይላል" አለ።

"እንግዲያ ከታች ነው የምትሰማው። በል ትከል፣ ፀሐይዋ እየገፋች ነው።"

ተከለ። በሰለች ከኋላው አፈር እየመለሰች ተከተለችው።